ከባቲ የመጣ ቴሌግራም

ሰኔ ፩ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ከየካ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ጭቃ ሆኗል። ፊቴን ታጥቤ ሻይ ጣድኩ። የባለቤቴን ሁለት ሸሚዞች አጠብኩና፣ ዝናቡ ቢመለስ ብዬ በረንዳው ሥር አሰጣኋቸው። ከዚያ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው።

ባለቤቴ ሠረቀብርሃን ከሄደ አሥር ቀን አልፎታል። ከአራት ጓደኞቹ ጋር በብስክሌት አሰብ ለመድረስ ነበር የተነሡት። ውሃና ዕቃ የጫነ አሮጌ መኪና ይከተላቸዋል። መሪያቸው የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ገረሱ ነው። በዚህ ወር በረሃ መውረድ ደግ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ሠረቀብርሃን ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያገኘው ለዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ካርታ ዘርግቼ የሙቀቱን ልክ አሳይቼው ነበር።

«ካርታሽ ላብ አያውቅም» አለኝና ሳቀ።

ከኮምቦልቻ የጻፈው ደብዳቤ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ከመካከላቸው አንዱ ሲደክመው ብስክሌቱን ጭኖ መኪናው ላይ ይወጣል፤ ይህንን «ማረፍ» ይሉታል። «ነገሳ ጣርማ በር ዳገት ላይ ዐርፏል። ሲያርፍ ውሎ ማታ የሁላችንን ራት በላብን» ይላል።

ሦስት ሰዓት ገደማ የገረሱ እናት እትዬ የሺመቤት የታጠፈ የቴሌግራም ወረቀት ይዘው መጡ። ፊደል አልቆጠሩም። ጎረቤታቸው መሪጌታ ኃይለ መስቀል እንዳያነቡላቸው፣ ቀኑ የራጉኤል ስለሆነ በጠዋት እንጦጦ ወጥተዋል።

«የማርያምወርቅ፣ ይቺን እይልኝ። ልጄ ብስክሌቱን ሸጦ ግመል ገዝቶ ይሆን?»

«ግመልማ ጎማው አይፈነዳም፣ እትዬ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ያንቺውስ ቢሆን? ወንበር ላይ የኖረ መቀመጫ የብስክሌት ኮርቻ ይችላል?»

ሳቅኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ሠረቀብርሃን ሚሌ ዐርፏል። እኛ እንመለሳለን። ቤቱን አደራ። ገረሱ።»

«ምን አለ? እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ያልገባቸው መስሎኝ አስረዳኋቸው።

«ደክሞት መኪናው ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ሙቀቱ ስላልተቻለ ጉዞውን ትተው ሊመለሱ ነው። እኔ ብዬው ነበር።» ወረቀት ላይ በእርሳስ መንገዱን ሣልኩላቸው። «ይኸው፣ ቴሌግራሙ የተላከበት ባቲ እዚህ ነው። ሚሌ ደግሞ እዚህ።»

የሣልኩትን አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ።

«ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«ሻይ ደግሞ ምግብ ነው? ነይ ብይ።»

ራሳቸው ጓዳ ገብተው የማታውን ሽሮ አሙቀው አመጡ። አብረን እንብላ ብላቸው እምቢ አሉ። ጨርሼ እስክነሣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ነገሳ እንግዲህ አይለቀውም» አልኳቸው እየበላሁ። «ተራው የእሱ ነው። ሲስቅበት ይከርማል።»

«አዎ፣ የኔ ልጅ። ብይ።»

ሲወጡ ቴሌግራሙን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ያን ቀን አርባ የፈተና ወረቀት አረምኩ።

እሑድ፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። መሪጌታ ኃይለ መስቀል ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬ የሺመቤት አሉ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ወንድሜ በላይነህና ብዙ የሰፈር ሰው። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው የሚመጣበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ቴሌግራሙን ያን ጊዜ በልቤ እንደገና አነበብኩት።

ገረሱ ማክሰኞ ደረሰ። ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ነበር። እሱ እንደነገረኝ፣ ሠረቀብርሃን ከቀትር በፊት «ራሴን» አለ፣ መኪናው ላይ አወጡት፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። በዚያ ሙቀት ሬሳ ማሳደር ስላልተቻለ የዚያኑ ዕለት ከመንገዱ ዳር ቀብረውት ድንጋይ ከመሩበት።

«መሪጌታ ያነቡታል ብዬ ነበር፣ እቴቴ» አለኝ። «ሽማግሌ ሰብስበው በወጉ እንዲያረዱሽ።»

«የቀበራችሁት ከሚሌ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወዲህ ነው። ወይስ ወዲያ... ወንዙን ተሻግረን ነበር መሰለኝ» አለና ማልቀስ ጀመረ።

ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ፈተናውን መልሼ ለተማሪዎቼ ውጤት ሰጠሁ፤ በክረምቱ ለተዝካሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ አዘጋጀሁ። የሠረቀብርሃን አባትና እናት የካ ሚካኤል ቅጥር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። አጠገባቸው የእሱ መቃብር የለም።