ሽፋኑ ለሌላ ይሁን

ፎቶ አንሺው ናሆም ከአዲስ አበባ ያመጣውን ነጭ ጋዋን ዘረጋላት። የእንስሳት ሐኪሟ ኡምኩልሱም ግን ጨፋ ሮቢት ገበያ ዳር፣ ምጥ ከጠናባት ላም ኋላ ተንበርክካ ክንዷን ሳሙና ትቀባ ነበር።

«ዶክተር፣ ይህን ይልበሱና ወንበሩ ላይ ይቀመጡ። ለመጽሔቱ ሽፋን ነው።»

«ወንበር ላይ ተቀምጬ ማን ያውቀኛል?»

«እምቢ ካሉ ሽፋኑ ለሌላ ሐኪም ይሰጣል።»

የላሟ ባለቤት አባ ኸይረዲን ሳቁ። «ለላሚቱስ ኩል አላመጣህላትም፣ ልጄ?»

ኡምኩልሱም ያንን ሽፋን አጥብቃ ትፈልገው ነበር፤ «ሴት ደግሞ ላም ታዋልዳለች?» እያሉ ለሳቁባት ሁሉ ልታሳያቸው። ጋዋኑን አንድ ጊዜ አየችው።

«ለፈለግኸው ስጠው» አለችና «ቢስሚላህ» ብላ ክንዷን አስገባች። የጥጃውን እግር ስታገኝ ገመድ አሰረችበት።

«ወንድሜ፣ ካሜራህን አስቀምጥና ሳብ!»