ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው

አባቴ ከሞተ በኋላም ከአስር ሶላት ቀጥሎ ላይኛው ፎቅ ላይ መንጎራደዱን አልተወም።

በሕይወት እያለ ልማዱ ነበር። ፀሐይ በረድ ስትል ወደ ላይ ይወጣና ድንበር ለመሻገር የተሰለፉትን ከባድ መኪኖች እያየ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። በኬንያው ሞያሌ ከእሱ ቤት ከፍ የሚል ቤት ጥቂት ነበር፤ ይህንንም ለሰው ሳይናገር የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለፈው ዓመት እዚያው ላይ ልቡ ቆመ። እኔ ማርሳቢት አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ለለቅሶ መጥቼ ተመለስኩ። ዘንድሮ ደግሞ ፈቃድ ወስጄ ለፈተና ላነብ መጣሁ።

ስለ ፈተናው ልንገራችሁ። በእኛ አገር ከዩኒቨርሲቲ መመረቅ ብቻውን ኢንጂነር አያደርግም። መጀመሪያ ተመራቂ ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ፤ ለዓመታት በሌላ ሰው ፊርማ ሥር ትሠሪያለሽ፤ ከዚያ ናይሮቢ ወርደሽ የሙያ ፈቃድ ፈተና ትፈተኛለሽ። እስክታልፊ ድረስ የምትናገሪው ሁሉ ወሬ ነው። አባቴ ግን ይህን ሕግ ተቀብሎት አያውቅም። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ለሾፌሮቹ ሁሉ «ኢንጂነሯ ልጄ፣ ሻምሳ» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር። በሀፍረት መግቢያ ይጠፋኝ ነበር። አሁን አንዴ ብቻ መጥቶ እንዲያሳፍረኝ የማልሰጠው ነገር የለም።

በመጣሁ ማግስት መካከለኛው ፎቅ ላይ፣ ሳሎናችን ውስጥ መጽሐፌን ዘርግቼ ሳለ ከጣሪያው በላይ፣ ሰው ከሌለበት ፎቅ፣ «ቋ» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ቋ»። ቀጥሎ ራቅ ብሎ። ከዚያም የእናቴ ድምፅ ከደረጃው ተሰማኝ።

«ስኳር ደግሞ ጨመረልህ። ከማዶም ጠፍቷል አሉ። ሰማህ?»

ብቅ ብዬ ሳይ እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከአባትሽ ጋር ነዋ! ከማን ጋር ላውራ?»

እናቴ ሐሚዳ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተድራ የመጣች ናት። ድንበሩን ስትሻገር አማርኛዋን ይዛ ተሻገረች፤ አባቴን ኢሳቅንም አስተማረችው። ሰው ታስለቅሳለች እንጂ እሷ አታለቅስም። ለቅሶው ላይ እንኳ ዕንባዋን ያየ የለም። ያን ቀን ግን እንደ ልጅ ተሽኮርምማ «ለሼኩ እንዳትነግሪብኝ። ይቆጡኛል» አለችኝ።

ድምፁ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የጋለ ኮንክሪት ሲበርድ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይጮኻል። ይህን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ይባስ ብዬ በዚያች ሰዓት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጥያቄውን አነባለሁ፣ መልሱን እናገራለሁ፣ ከላይ «ቋ» ሲል «ልክ ነሽ» ያለኝ ይመስለኛል። ፀጉሬ ይቆማል፤ ግን ሰዓቱን እጠብቃለሁ። አባቴ በጣም ናፍቆኝ ነበር።

ስለ ምሰሶዎች የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉ ለልምምድ የሰጠው ሕንፃ ሰለቸኝና የራሳችንን ቤት ወሰድኩ። አባቴ መሠረቱን ያስጣለው ለታች ሱቅና ለአንድ ፎቅ ብቻ ነበር። ገበያው ሲደራለት ላይኛውን ፎቅ ጨመረ፤ በእሱም ላይ የውሃ ታንክ ጫነ። ኢንጂነር አላማከረም፤ «የእኔ ኢንጂነር ትምህርት ቤት ናት» እያለ ይስቅ ነበር። ምሰሶው ውስጥ ምን ያህል ፌሮ እንደገባ አውቃለሁ። ሲታሰር አጠገቡ አቁሞ «ቁጠሪ፣ ኢንጂነሯ» ብሎ አስቆጥሮኛል።

አሰላሁት። በስሌቱ መሠረት መሀል ያለው ምሰሶ ይህን ያህል ሸክም ተሸክሞ መቆም አልነበረበትም። እንደገና አሰላሁ። የራሴን ስህተት ለማግኘት እንደዚያ ቀን ጓጉቼ አላውቅም። ስህተት አልነበረውም።

ታች ሱቁን የተከራየው ሻሪፍ ነው። የዱቄት ጆንያዎቹን አስነስቼ ምሰሶውን ሳይ ልስኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቅ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን የምናውቅበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ስስ መስታወት ስንጥቁ ላይ አግድም ይለጠፋል፣ ቤቱ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። አንዱን ሱቁ ውስጥ፣ ሌላውን ደረጃው አጠገብ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተሰብረው ነበር። የደረጃውን ስብርባሪ እናቴ በመዳፏ ሰብስባ አመጣችልኝ።

«አየሽ፣ ተቆጣ» አለች። «ቤቱ ላይ ነገር ሲለጠፍበት አይወድም።»

ድምፁም ልማዱን ለወጠ። ከአስር በኋላ ብቻ የነበረው ጠዋትም፣ ቀትር ላይም ይሰማ ጀመር። እናቴ ፊቷ በርቶ «አንቺን ሊያይ ነው የሚመላለሰው» አለችኝ።

በሥራ ላይ የምታሰለጥነኝ ኢንጂነር ማርጋሬት ናት። ፎቶውንና ስሌቱን ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ሻምሳ፣ መጽሐፉን ዝጊው። ሰው ሁሉ ይውጣ፤ ሃራካ፣ በፍጥነት! ለካውንቲው አስተዳደር እኔ አሳውቃለሁ፤ አንቺ ግን እነሱን እንዳትጠብቂ።»

ሻሪፍ ነጋዴ ነው፤ ሲፈራ ፈጣን ነው። «እናንተ አበሾች ሳይቃጠል በቅጠል ትሉ የለ?» ብሎ በዚያው ከሰዓት ሸቀጡን በጋሪ አወጣ። ከሱቁ ጀርባ ክፍል የተከራዩት ሾፌሮችም ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። የቀረችው እናቴ ብቻ ናት።

«እማ፣ ድምፁ አባዬ አይደለም። ምሰሶው ነው። ቤቱ ሊወድቅ ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

«ፈተናውን አልፈሻል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ስታልፊ እሰማሻለሁ።»

«ማርጋሬትም ብላለች። እሷ ፈቃድ አላት።»

«ማርጋሬት እኔ ቤት አድራ ታውቃለች?» አለችና ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ሻምሲ፣ አንቺ ነገ ናይሮቢ ትሄጃለሽ። ቡቲዬ መንደር ያለችው እህቴ ጃለቱም ፍየሎቿ አሏት፤ መጥታ አትጠብቀውም። ኢሳቅን ለማን ልተወው?»

ያኔ ጮኽኩባት። «አባዬ የለም! ቤቱን ያለ ኢንጂነር ያቆመውም እሱ ነው! የእሱ ቤት ነው የሚገድልሽ!»

እናቴ አልተቆጣችም። «የሞተ ሰው አይሰደብም» ብላ ፊቷን አዞረች። ለፈተና ብዬ የጀመርኩት ስሌት የአባቴ ከሳሽ አድርጎኛል፣ እናቴንም አላወጣልኝም።

በማግስቱ ማታ የናይሮቢ አውቶቡስ አለ። ብሄድ ብቻዋን ትቀራለች። ብቆይ ደግሞ አብረን እንቀበራለን። ከአስር ሶላት በኋላ እንደ ልማዷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከላይ ድምፁ መጣ፤ የዚያን ቀኑ ከባድ ነበር፣ መቀመጫችን ድረስ ተሰማን። ከጣሪያው የልስን አቧራ ሻሿ ላይ ወረደ። እናቴ አራገፈችውና «ዛሬ ደክሞታል» አለች።

«እማ፣ አባዬ አናገረኝ» አልኳት።

አልደነገጠችም። ከፋት እንጂ። «ዓመት ሙሉ እዚህ ስቀመጥ ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምን አለሽ?»

«'ሐሚዳን ይዘሽ ውጪ፤ ቤቱ አልቻለም' አለኝ።»

መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ቆመ።

«ሐሚዳ ብሎ?»

«አዎ።»

«ኢሳቅ 'አንቺ ሴትዮ' ይለኝ ነበር እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።»

ይህን እኔም አውቀው ነበር። ድንጋጤው አስረሳኝ። ዕንባዬ መጣ፤ ላቆመው አልቻልኩም። እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ ጭና ተነሳች።

«አንቺ ውሸት አትችዪበትም» አለች። «በአባትሽ ስም እስክትዋሺ ድረስ ከፈራሽ ግን…» አልጨረሰችውም። መስገጃዋን ጠቅልላ ያዘች። በሩ ላይ ስንደርስ ዞር ብላ ወደ ላይ ተጣራች።

«ኢሳቅ! ቡቲዬ ነን፣ ጃለቱ ቤት። እንዳትቆይ!»

ከላይ «ቋ» አለ። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

ቤቱ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደቀ። ሻሪፍ ደወለልኝ፤ ከእናቴ ጋር በቦዳቦዳ ሞተር በረርን። አቧራው ገና ከመንገዱ አልተነሳም ነበር። ላይኛው ፎቅ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ታንኩ ተፈርጦ ውሃው መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል። ውስጡ ማንም አልነበረም። ሻሪፍ «ዋላሂ፣ ይቺ ልጅ ነች ያተረፈችን!» እያለ ላገኘው ሁሉ ይናገራል። ትናንት የኢሳቅ ልጅ ይሉኝ የነበሩት ሁሉ «ኢንጂነሯ» እያሉ እጄን ጨበጡኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ስሌቴ ልክ ነበር፤ እናቴም ቆማ አጠገቤ ነበረች።

እሷ ግን ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ፖሊሶቹ እስከዘረጉት ገመድ ድረስ ሄደች። ተከትያት ደረስኩ።

«እኔን አወጣሽኝ» አለች ክምሩን እያየች።

«አዎ፣ እማ።»

«እሱንስ?»

ያጠናሁት ሁሉ ለዚህ አልሆነኝም። እዚያው እንደቆምን የአስር አዛን ተሰማ። አዛኑ ሲያበቃ ሁለታችንም ወደ ክምሩ ጆሯችንን ሰጠን። ኮንክሪት እንደሆነ አሳምሬ የማውቀው እኔም ከእሷ እኩል ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም። ለእኔ አባቴ የሞተው ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ከመንገዱ ማዶ ሄዳ መስገጃዋን አነጠፈች፣ ሰገደች፣ ከዚያም ፊቷን ወደ ፍርስራሹ አድርጋ ተቀመጠች።

«ተነሺ እማ፣ ወደ ቡቲዬ እንሂድ።»

«አንቺ ሂጂ» አለችኝ። «አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ። እኔ እስኪወጣ እጠብቀዋለሁ።»