የሰኞ ገመድ

በሆላንድ አገር፣ በአንድ የፍሪስላንድ መንደር ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። የማስጫ ገመዱን አይቶ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ባል ካልሲ እንደተቀደደ የማያውቅ ጎረቤት የለም። ሃርምከ ደግሞ በነጫጭ አንሶላዎቿ የምትኩራራ ሴት ነበረች። ጀርመኖች አገሩን ይዘው ሳሙና በራሽን ከሆነ ወዲህ እንኳ ኩራቷ አልቀነሰም።

ሮዜት ከመጣች በኋላ ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ጭንቅ ነው። ሮዜት ከአምስተርዳም የሸሸች አይሁዳዊት ናት። ከከብቶቹ በረት በላይ፣ ከድርቆሹ ጀርባ፣ የሃርምከ ባል ዊትሰ በሳንቃ በከለላት ጠባብ ቦታ ከተደበቀች ዓመት ሊሞላት ነው። ልብሷ ውጭ አይሰጣም። እዚያው ድርቆሹ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ አይደርቅም፣ ይሸታል። እርጥቡን እየለበሰች ሳል ያዛት። ሳል ደግሞ ሳንቃ አያግደውም።

አንድ ፀሐያማ ሰኞ ሃርምከ አንጀቷ አልችል አለና የሮዜትን የሌሊት ልብስ በሁለት አንሶላዎች መሃል ደብቃ ሰቀለችው። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ ነፋሱ ተነሳ።

«ሃርምከ!» ስትል ጎረቤቷ አውክየ ከቦዩ ማዶ ተጣራች። አውክየ የአምስት ሴት ልጆች እናት ናት፤ ምላሷ ለአፍታ አያርፍም። «ያ የማን ነው? የኔ ነው እንዳትይኝ፣ አንድ ጭንሽም አይገባበት!»

«የእህቴ ልጅ... ትታው ሄዳ ነው።»

«የምን እህት? ያሉሽ ወንድሞች ብቻ አይደሉ እንዴ?»

የሃርምከ ፊት ደም መሰለ። አውክየ ዝም አለች። አውክየን ዝም ስትል ያየ ሰው በመንደሩ የለም። ቅርጫቷን አንስታ ወደ ቤቷ ገባች።

ሃርምከ ልብሱን ከገመዱ መንጭቃ ወደ በረቱ ሮጠች።

«ትሂድ!» አለችው ዊትሰን።

«ሳሉ እስኪሻላት እንኳ ትንሽ ቀን...»

«አውክየ አየች እኮ! ነገ ድፍን መንደር ይሰማል። ጀርመኖቹ መጥተው ልጆቻችንን ቢወስዱስ? ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልጆቼን ይዤ ልውጣ!»

ሳልን ያላገደ ሳንቃ ጩኸትን አያግድም። ሮዜት ብርድ ልብሷን አጣጥፋ በመሰላሉ ወረደች። ያን ያህል ጊዜ አንድ ጣራ ስር ኖራ ሃርምከን አንድም ቀን አንቺ ብላት አታውቅም።

«እስከ ዛሬ ያስቸገርኩዎት ይበቃል» አለች።

ሃርምከ ቀና ብላ አላየቻትም። የሌሊት ልብሱን ከነእርጥበቱ ጠቅልላ አስያዘቻት።

ዊትሰ በማግስቱ ማልዶ በጀልባ፣ ሸምበቆ አልብሶ ወሰዳት። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። የሚያውቀው ቤት ሳሏን ሰምቶ አልቀበልም ብሏል። «ለማላውቀው ሰው አስረክቤያት መጣሁ» አለ። ሃርምከ ግን ውስጧ እፎይ ነበር ያለው። የሚያሳፍረውም ይኸው ነው፤ ያን ቀን ደህና አድርጋ በላች።

ሐሙስ ከሰዓት አውክየ ባዶ ቅርጫት ይዛ በጓሮ በር ገባች። ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስሚ፣ አንቺ ሞኝ! ጭራሽ ገመድ ላይ ታሰጪዋለሽ? ሳሏን እንደሆነ ከበረዶው ወራት ጀምሮ ስሰማው ነው የከረምኩት። ካሁን በኋላ ልብሷን እኔ ላጥበው። ቤቴ ሴት በሴት ነው፣ የኔን ገመድ ማን ይቆጥራል? በይ፣ የቆሸሸ ካላት አምጪ።»

ሃርምከ ደረቅ እጇን በሽርጧ ደጋግማ ጠረገች።

«የለችም» አለች።

«የት ሄዳ?»

«እንጃ። ውጪ አልኳት።»

«በዚያ ሳል? ምን ነካሽ አንቺ? ማንን ፈርተሽ ነው?»

ሃርምከ በመስኮቱ ከቦዩ ማዶ ወዳለው የአውክየ ቤት ተመለከተች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አውክየ ዓይኗን ተከትላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እኔን?» አለች ቀስ ብላ።

ሃርምከ አቀረቀረች።