ባለ ስድስት ድምፁ ቡፌ

ሚስቴ ሙሉመቤት ሲንተሳይዘሬን፣ ያን ባለ ቁልፍ የድሮ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያዬን፣ «ቡፌው» ነው የምትለው። አርባ ኪሎ ይመዝናል፤ ሳሎናችን ውስጥ ከሶፋው ያላነሰ ቦታ ይዟል። ላዩ ላይ ዳንቴል አልብሳ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች። በወጣትነቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ነጋዴ ላይ ነው የገዛሁት። ሰውየው ሲሰናበተኝ ለምን ያን ያህል ደስ እንዳለው የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለ እሱ ከጠየቃችሁኝ ተቀመጡ፤ ቶሎ አልጨርስም። የዛሬ ልጆች በላፕቶፕ የሚያወጡት ድምፅ ንጹሕ ነው፤ ግን አይተነፍስም። የኔ ማሽን ይተነፍሳል። ወፍራሙን ድምፅ ስነካው የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ከታች ያለው ጎረቤቴ ኢብራሂምም በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይደበድባል። ጉድለት አለው ወይ? ኧረ ምን ሲደረግ! አንድ ላይ የሚያወጣው ስድስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሰባተኛ ቁልፍ ከነካችሁ የመጀመሪያው ሹልክ ብሎ ይጠፋል። ስታጠፉት የሠራችሁትን ድምፅ ሁሉ ይረሳል፤ በማግስቱ ሠላሳ ምናምን ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነካካችሁ እንደ አዲስ ትፈልጉታላችሁ። ሳይሞቅ ቅኝት አይዝም፤ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ቅኝቱ ይሸሻል። እኔ ይህን ሁሉ «ባሕርይ አለው» እላለሁ። ሙሉመቤት እኔ ላይ ያለውን ተመሳሳይ ጠባይ በሌላ ስም ነው የምትጠራው።

ባለፈው ጥር፣ ልጃችን ማሂ ልታገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ከቤት ስወጣ ልጅ እያለሁ የምታስተኛኝን ያቺን ዜማ አሰማኝ። ካንተ ሌላ ስጦታ አልፈልግም።»

ደረቴ ተነፋ። ተጫወት ብሎ የለመነኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሠራሁባቸው ባንዶች ሁሉ ቀላል ኪቦርድ የያዘ ወጣት አግኝተው በጨዋ ደንብ ሸኝተውኛል። የትኛዋን ዜማ ነው ብሎ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም። ማታ ማታ በትዝታ ቅኝት የምጫወትላት አንዲት ዝግ ያለች ዜማ ነበረችኝ፤ እሷ ናት አልኩ፤ አለቀ።

በማግስቱ ማሽኑን በታክሲ ጭኜ አብነት ሰፈር ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደሚጠግነው ባሮክ ወሰድኩት። ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ነጋ፣ ለሰርጉ ቀን አዲስ ኪቦርድ ላውስዎት። ሺህ ዓይነት ድምፅ አለው።»

«ሺህ ድምፅ ያለው የራሱ የሚለው አንድም የለውም» አልኩት። ይህቺን አባባል ታክሲ ውስጥ ነው ያዘጋጀኋት። ባሮክ ግን ምንም ሳይደነቅ ብየዳውን ቀጠለ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት አራት ጎረምሶች ማሽኑን ከአራተኛ ፎቅ አውርደው ግቢው ውስጥ የተተከለው ድንኳን ጋ አደረሱልኝ። ሰካሁት። አሁን የቀረው መጠበቅ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ካልሞቀ ቅኝት አይዝምና። ልክ ቀዩ መብራት እንደበራ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። በልደታ ኮንዶሚኒየም ታሪክ ሚዜ በሰዓቱ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በር ላይ ሙሽራውን አናስገባም ብለው የሚዘፍኑት የማሂ ጓደኞች ነበሩ። ሮጥኩና «ሃያ ደቂቃ አቁሙልኝ፣ እባካችሁ!» አልኳቸው። አባት እንዲህ ሲለምን አይተው አያውቁም፤ ጨክኜ ልጄን ላለመስጠት የቆረጥኩ መሰላቸው። የሚያውቁትን ሁሉ ዘፍነው ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሙሽራው ቃለሕይወት በሙሉ ልብሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ላቡ ይንቆረቆራል፤ አጎቱ «ምን አጥፍተን ነው?» እያሉ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

በመጨረሻ ገቡ፤ ማሂም በቬሎዋ ወርዳ ፊቴ ቆመች። ጀመርኩ። የድንኳኑ ሙቀት ሁለተኛውን ድምፅ ወዲያው አሸፈተው። እኔም ስሜት ውስጥ ገብቼ ሰባተኛ ጣቴን ጨመርኩና የመጀመሪያው ድምፅ ጥሎኝ ሄደ። ያም ሆኖ ጨረስኩ፤ ሰው ለወጉ አጨበጨበ። እንባዋን ለማየት ቀና ስል ማሂ የማታውቀው ሰው ንግግር እንደሚያደርግላት ሁሉ በትሕትና ቆማ አገኘኋት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አባዬ፣ ያቺንስ?»

«የትኛዋን?»

«የምታስተኛኝን።»

«ይቺው ናት እኮ!»

«ይቺንማ ዛሬ ገና ነው የሰማኋት።»

ሙሉመቤት ከኋላዬ ሳቀች። «ማሽኑ እስኪሞቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ በአፍህ ስታንጎራጉር ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ነኝ የሰማሁት፤ ስንት ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ትጫወት የለ እንዴ?»

ማንጎራጎሬ እውነት ነው። ምን እንዳንጎራጎርኩ ግን አላውቅም። ያኔ ዓይኔ በተከፈተው በር በኩል የማሽኑ ቀይ መብራት ላይ ነበር፤ ሐሳቤም እዚያው ነበር። ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የኖረችውን ነገር እኔ የሰጠኋት ሌላ ነገር እየጠበቅኩ ነው። እንግዳ ፊት፣ በአዲስ ሱፌ፣ አፈርኩ።

«ማሂዬ፣ ረስቼዋለሁ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ክንዴን ይዛ በቀስታ ማንጎራጎር ጀመረች። ዜማዋ አጭር ናት፤ ሕፃን የሚይዛት ዓይነት። ተከተልኳት። ድምፄ ቀጭንና የተሰነጠቀ ነው፤ ሁልጊዜ ከአርባ ኪሎ ብረት ኋላ የተደበቅኩትም ለዚሁ ነበር። ሁለት ቦታ ስቼ ሁለቴ አረመችኝ። ሚዜዎቹ ጥሩምባ እየነፉ ቢቸኩሉም እሷ ቆማ ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ዜማዋን ያዝኩና ልጄን እስከ መኪናው ድረስ አብረን እያንጎራጎርን ሸኘኋት።