ለሜዳ የተገዛ ሞተር

ባሌ ጀላል መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንሁት፤ ትልቁን ሞተር እንዲይዝ። መኪናዋ ያው አንድ ናት። አጭር፣ የኋላ በሯ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ የሚከፈት፣ ወንበሯ ሲታጠፍ ሰው የምታስተኛ። ሞተሯ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ ዘጠኝ መቶ ሲሲ አለ፣ ባለ ሺህ ሦስት መቶ አለ። እሱ ሆዬ ትንሹን ይዞ ከች አለ! «ቤንዚን በኮታ ነው። ደግሞስ ፎገራ ላይ ዳገት የት አለ?» አለኝ። እርር ድብን አልሁ።

ሐምሌ ላይ እህቴን ዘሊካን ምጥ ያዛት። ባሏ ዘማች ነው። ሁለት ቀን አምጣ አልሆን ሲል ሐኪም ቤት እንውሰዳት አልን። የባሕር ዳሩን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል፤ የቀረን ደብረ ታቦር ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ብቻዋን አትሄድም። አማቷን ጠራሁ፤ አክስታችን ሀሚዳን ጠራሁ። የገንፎ ዱቄቱን በጆንያ፣ ቅቤውን በቅል ጫንሁ።

«ኧረ መዲና፣ ይብቃ!» አለ ጀላል።

«ዝም ብለህ ንዳ! ወገን የሌላት ይመስል ባዶዋን ትሂድ?»

ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ አቃሰተች፣ ቆመች። አማቷ ወረዱ። አክስቴ ወረዱ። ጆንያውም ወረደ። ወይ ፍንክች! ዘሊካ ከኋላ ተኝታ ትጮኻለች፤ እኔ ጀላልን እረግማለሁ።

«የኋላ ማርሿ ከአንደኛው ይበረታል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ጎማዎቿም የሚጎትቱት ከፊት ነው፤ ወደ ኋላ ብነዳት ክብደቱ እነሱ ላይ አርፎ ትወጣለች። ግን አንቺም ውረጂ።»

«እኔ? ብቻዋን ከአንተ ጋር?»

«እኔስ መቼ ወደድሁት? ውረጂ!»

ዘሊካ እጄን ጨብጣ «እህቴ፣ አትተይኝ» አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅሁ።

ጀላል መኪናዋን አዞራት፤ ፊቷን ወደ እኛ እንዳደረገች ዳገቱን በጀርባዋ ወጣች። ገና ስንት ዳገት ይጠብቀው ነበርና ጀላል አልጠበቀንም። እኛም ጭቃው ላይ ቆይተን ቆይተን በአንድ የእህል መኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ለጀላል የምነግረውን ስድብ ስደረድር ሄድሁ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ አገኘሁት፤ ወደ ኋላ እያየ ሲነዳ አንገቱ ተጠምዝዞ መዞር አቅቶታል። «ወንድ ልጅ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው» አለኝ። «ትልቁን ሞተር መያዝ ነበረብኝ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አልሁና ገባሁ።

ዘሊካ ልጇን አቅፋለች። እጇን ልይዝ ስል ሰበሰበችው።

«ስጣራ እዚያው ቆመሽ ታዪኝ ነበር» አለች።

«ጀላል እኮ ነው! ያን ትንሽ ሞተር...» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ እኔው የጫንሁት ጆንያና ሰው ትዝ አለኝ።