የረሒማ የሥራ መደብ

«ቀጥሎ?» አለ ቃለአብ፣ ላፕቶፑን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አመቻችቶ።

«ጂሎ። ጥበቃ ብለህ ጻፈው። የሚጠብቀው እንቅልፉን ነው እንጂ» አለች ዘቢባ።

ቃለአብ የነገሌን ሱቆች ሂሳብ እየዞረ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ዛሬ የዘቢባን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሠራተኞች ለጡረታ ሊመዘግብ መጥቷል፤ የእያንዳንዱ የሥራ መደብና ደመወዝ ተለይቶ ካልተጻፈ ቅጣት አለ።

«ዲንኪቱስ?»

«ሻጭ።»

ዲንኪቱ ሚስማር እየመዘነች ሳቀች። «ገና ሳላረጅ ጡረታ! ገለቶማ፣ እትዬ!» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነች።

«እሷስ?» ቃለአብ በአገጩ ወደ ገንዘብ መቀበያው አመለከተ። እዚያ የተቀመጠችው የዘቢባ የወንድም ልጅ ረሒማ ናት።

«ረሒማማ ልጄ ናት! ለልጅ ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?»

ዘቢባ ይህን ያለችው ከልቧ ነው። በነሱ ዘንድ የዘመድ ልጅ ከጉራጌ ይመጣል፤ እየበላ እየለበሰ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ንግዱን ሲያውቅ የራሱ ሱቅ ይከፈትለታል። የሟች ባሏ የእህት ልጅ ነስሩ በመጣ በአምስተኛው ዓመት ሞያሌ ላይ ሱቅ ተከፍቶለት ዛሬ እሱም በተራው ልጅ አምጥቷል። ረሒማ ግን ከመጣች አሥራ አንደኛ ዓመቷን ይዛለች። ለሷ ታስቦ ዱብሉቅ ከተማ የተከራየው ሱቅ ቆርቆሮ ታጭቆበት መጋዘን ሆኖ ቀርቷል። በየዓመቱ ሰበብ አይጠፋም፤ አንዴ ድርቁ ይለፍ፣ አንዴ የዕቃ ዋጋ ይርገብ፣ አንዴ ደግሞ ባል ይምጣ እስኪ ይባላል።

ረሒማ መሳቢያውን ዘጋች።

«አክስቴ፣ ልጅ ከሆንኩ እንደ ነስሩ ሱቅ ይክፈቱልኝ። ሠራተኛ ከሆንኩ ደግሞ እዚህ ያስመዝግቡኝ። ከሁለቱ በአንዱ ልግባ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዲንኪቱ ግን ሚዛኑ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች፤ ቃለአብም ላፕቶፑ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ዘቢባ ደሟ ፈላ። «በሰው ፊት! እኔ ቤት ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም አልጎደለብኝም። ሠላሳ ሞላኝ ብዬ ነው።»

ዘቢባ እውነቱን ለራሷ ታውቀዋለች። ዕቃ ልታመጣ ወደ ክብረ መንግሥት ስትሄድ ሱቁን ከረሒማ በቀር ጥላለት የምትሄደው ሰው የላትም። ነስሩ እኮ ሰነፍ ነበር፤ ቶሎ የሸኙትም ቢሄድ ምንም ስለማይጎድል ነው። ይህቺን ያስቀራት ጉብዝናዋ ነው። ዘቢባ ይህን ስታስብ አፈረች።

«እንግዲህ ገንዘብ ያዥ ብዬ ልመዝግባት?» አለ ቃለአብ።

ይህ በጣም ይቀላት ነበር። መዋጮው ያን ያህል አይከብድም፤ ረሒማም እዚሁ ትቀራለች። «አዎ» ልትል አፏን ስትከፍት ረሒማን አየቻት። ልጅቷም ያቺኑ «አዎ» እየጠበቀች ነበር፤ በትንሹ ልትስማማ ተዘጋጅታለች። ዘቢባን ከሁሉ በላይ ያሳዘናት ይሄ ነው።

«ገንዘብ ያዥ በል» አለች። «ስሙን ግን ለጊዜው ተወው። ሰው ልቀጥር ነው።»

የረሒማ ፊት ተለዋወጠ። «አባረሩኝ?»

«ዝም በይ አንቺ!» ዘቢባ ከወገቧ የቁልፍ ዘለላዋን ፈታች። የዱብሉቁ ሱቅ ቁልፍ ዝጎ ከቀለበቱ አልወጣ አላት።

«እትዬ፣ ነገ ረጋ ብለው ቢያስቡበት አይሻልም?» አለ ቃለአብ።

«ነገንማ አውቃታለሁ። ስንት ዓመት አብረን ኖርን!» ቀለበቱን በጥርሷ ከፍታ ቁልፉን አወጣችና ረሒማ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «ሂጂ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር ትኬት ቁረጪ።»

ረሒማ ቁልፉን ጨብጣ ወጣች። ዘቢባ ገንዘብ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወዲያው አንድ ሰውዬ የበር ማጠፊያ ገዝቶ ብር ሲዘረጋላት አንዱን መሳቢያ ከፈተች፣ ሌላውንም ከፈተች፤ ከዚያ ዞር አለች።

«ዲንኪቱ፣ ዝርዝር ብሩ የት ነው የሚቀመጠው?»