የዘበኛው ዱላ

«ይሄ ሰውዬ ዛሬም መጣ» አለች አክስትየዋ፣ ከለቀስተኛው መሃል የሻይ ብርጭቆ የምትሰበስብ መስላ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ። «ሦስት ቀን ሙሉ ከበሩ ሥር። እሱ ማንንም አያናግር፣ እሱንም የሚያውቀው የለ።»

«ሻይ ጠምቶት ይሆናላ።»

«ሻዩንማ መቼ ነክቶት።»

ልጅቷ ግን ዓይኗ ያረፈው ሰውየው በተደገፈው ዱላ ላይ ነበር። እጀታው ላይ በእሳት የተተኮሰ ሰባት ቁጥር አለ። ሟቹ አባቷ ዕድሜ ልኩን በዘበኝነት የጠበቀው ሰባት ቁጥር መጋዘንን ነው። ዱላው የአባቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ አባትየው ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ፣ ያለ ዱላው ቤት ገባ። ማን እንደመታው ቢጠየቅ ትንፍሽ አላለም። ዱላውስ? «ከኔ ዘንድ ካለው የተሻለ ሥራ አገኘ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዱላ አልይዝም ብሎ ድርቅ አለ፤ ባልደረቦቹም «ባዶ እጅ» የሚል ስም አወጡለት። ክንዱ ተጣሞ ስለ ገጠመ በየማለዳው የሸሚዙን ቁልፎች የምትቆልፍለት እሷ ነበረች። እሱም ቆሞ እየተቆለፈለት ይጸልያል፦ «ዛሬ አጥር የሚዘለውን ልጅህን አደራ።»

«አባባ፣ የምትጠብቀው መጋዘኑን ነው ወይስ ሌባውን?» ትለዋለች ተናዳ።

«እሱንም እግዜር ይወደዋል ልጄ። እሱ የሚወደውን ሰው በየትኛው እጄ ልምታው?»

እውነቱን እንናገር ካልን፣ አባቷን ትጠረጥረው ነበር፤ ፍርሃቱን በእግዜር ስም የሸፈነ ፈሪ ይመስላት ነበር። ስትቀብረውም ይሄ ጥርጣሬ ከሆዷ አልወጣም።

ሰዉ ቀለል ሲል ሄዳ ሰውየው ፊት ቆመች።

«ዱላውን ከየት አመጣኸው?»

«ልመልሰው ነው የመጣሁት፣ እህቴ። ሦስት ቀን አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።» ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ክንዱን በድንጋይ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ልሰርቅ ገብቼ። ስሸሽ ከአጥሩ ላይ ወደቅኩና እግሬ ተሰበረ። በደህና እጁ ዱላውን ይዞ መጣ። በአካባቢው ሰው የለ። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«‹ተደገፍ› ብሎ ዱላውን ሰጠኝ። እያቃሰተ ሐኪም ቤት አደረሰኝ።»

«ፈርቶህ ነበር?»

«እሱ? የምንቀጠቀጠውስ እኔ ነበርኩ።»

ዱላውን አጠገቧ አስደግፎ፣ ግድግዳውን እየያዘ ወደ ደረጃው አነከሰ። ልጅቷ ዱላውን አነሳችው። ከበዳት። ዘጠኝ ዓመት ልትመታው ስትመኝ የኖረችው ጀርባ ፊቷ ነው።

«ልጄ፣ ተይ» አለች አክስትየዋ በቀስታ።

ደረጃው አፋፍ ላይ ደረሰችበት።

«ያዘው፤ ደረጃው ይጥልሃል።»

እጁ አልጨብጥ አለው። እሷም ዱላውን መዳፉ ላይ አድርጋ፣ የአባቷን ቁልፎች በየማለዳው ትቆልፍ እንደነበረው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።